የዘመድ ሽፋን

በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ሁሉ እንዲኖረው በሕግ የሚገደደው የመድን ዓይነት አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 የተደነገገውና በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 እንደገና የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። አንደኛው ወገን አረቦን፣ ማለትም የመድኑን ዋጋ፣ በየዓመቱ የሚከፍለው መድን ገቢ ነው፤ ሁለተኛው ወገን አረቦኑን ተቀብሎ ወረቀት የሚሰጠው መድን ሰጪ ኩባንያ ነው፤ ሦስተኛው ወገን ደግሞ ውሉ ሲፈረም በቦታው ያልነበረ፣ ሳንቲም ያላዋጣ፣ ብዙውን ጊዜም መኪናው ከኋላው እየመጣ መሆኑን እንኳ ያላወቀ መንገደኛ ነው። ውሉ የተጻፈው ለዚህ ለማይታወቅ ሰው እንጂ ለባለ መኪናው አለመሆኑን ባለ መኪናው የሚገነዘበው ዘግይቶ ነው፤ የከፈለው እርሱ፣ ደረሰኙም በእርሱ ስም፣ ተለጣፊውም ምልክት በእርሱ መስተዋት ላይ ስለሆነ ጠባቂውም የእርሱ ይመስለዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዛዊው ቤንትሌይ እጅ መኪና ከተቀበሉ ልክ በመቶ ዓመቱ መሆኑ ነው ሕጉ ተገጪውን ያስታወሰው፤ መቶ ዓመት ለማሰብ ረጅም ጊዜ ቢመስልም፣ በመካከሉ የነበሩት መኪኖች ጥቂት ስለነበሩ ተገጪውም ከመገጨቱ ይልቅ መኪና ማየቱን ለማውራት ይቸኩል ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ይህ ግዴታ የሆነው ትንሹ ሽፋን ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ጥያቄ ከሌላው አገር ጎላ ብሎ የሚታየው በመንገዱ ጠባይ ምክንያት ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ በጨጨሆ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን፣ በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራውን ጎዳና፣ እንዲሁም ወደ ዓርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ የሚወስዱትን መንገዶች ገበያ በሚውልበት ቀን ያየ ሰው፣ ሲኖትራኩና አይሱዙው፣ ዶልፊኑና ባጃጁ፣ ድንች የተጫነች አህያና ጥላ የያዙ ቄስ፣ ሠላሳ በግና በጎቹን የሚነዳ የስምንት ዓመት ልጅ በአንድ ጠባብ አስፋልት ላይ እኩል መብት እንዳላቸው ሆነው ሲጓዙ ይመለከታል። የጉና ጉም በወረደ ጊዜ ደግሞ ሁሉም እርስ በርስ ሳይተያዩ ይህንኑ መብታቸውን ይጠቀሙበታል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሦስተኛ ወገን የሚሆነው ሰው እጥረት የለበትም።

አገሩ በሌላው ጉዳይ ስለ በቂነት ጥብቅ አስተያየት ያለው አገር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም ያለው በዚሁ በጋይንት ነው፤ ምስክር ማለት ተማሪው በየደብሩ ዞሮ የተማረውን የቅዱስ ያሬድ ዜማ በመምህሩ ፊት አድርሶ ለማስተማር መብቃቱ የሚረጋገጥበት ሥርዓት ሲሆን፣ ማንም ደቀ መዝሙር የዜማው አንድ ክፍል የሆነውን ጾመ ድጓን ብቻ ዘልቆ «ይህን ያህል ለመንገድ ይበቃኛል» ብሎ እንደማይመለስ የታወቀ ነው። የዚያው ደቀ መዝሙር ወንድም ግን ባጃጅ ገዝቶ ወደ መድን ድርጅት መስኮት ሲቀርብ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ትንሹ ስንት ነው?» የሚል ነው፤ የሚከተለው ጥያቄ ደግሞ «ለቦሎ ይሆናል?» የሚል ነው። ቦሎ በየዓመቱ ተሽከርካሪው ቴክኒክ ምርመራ አልፎ የሚሰጠው የመንገድ ምልክት መሆኑ የታወቀ ሲሆን፣ የመድን ወረቀት ሳይቀርብ አይታደስም። ስለዚህ በባለ ባጃጁ አእምሮ ውስጥ መድኑ ከአደጋ ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ የራቀ ነው፤ የሚያድነውም ከመገልበጥ ወይም ከመግጨት ሳይሆን ከትራፊክ ፖሊስ ነው። ለዚህ ዓላማ ከሆነ ትንሹ ሽፋን ፍጹም በቂ እንደሆነ አለመቀበል አይቻልም።

ሽፋኑ ለሌላው ዓላማ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ላይ የሰፈረውን ቁጥር መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አዋጅ መሠረት መድን ሰጪው ለአንድ ሰው ሞት የሚከፍለው ከ40,000 ብር ሳይበልጥ፣ ለአካል ጉዳትም እንዲሁ እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ሲሆን፣ ለድንገተኛ ሕክምና የተመደበው 2,000 ብር ነበር። አንባቢ እንደሚያስተውለው ንብረቱ ከባለ ንብረቱ በእጥፍ ተኩል ይበልጣል፤ በዚህ ስሌት መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ለጥንቃቄ ያህል ራሱን በንብረትነት ቢያስመዘግብ ይሻለው ነበር ብሎ መቀለድ ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው በደንብ ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ብሩም በበኩሉ ዝቅ ማለቱን ስላላቋረጠ የሁለቱን ሩጫ ተከትሎ መናገር አድካሚ ነው። ዋናው ነገር ቁጥሩ ሳይሆን ጣሪያ መሆኑ ነው። ጣሪያ ማለት መድን ሰጪው ከዚያ በላይ አይከፍልም ማለት ነው እንጂ ባለ መኪናው ከዚያ በላይ አይጠየቅም ማለት አይደለም፤ ብዙ ባለ መኪኖች ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩ «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲሉ ነገሩ ያበቃ ይመስላቸዋል።

የማያበቃበትን ምክንያት የሚያስረዳው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናውን ያሽከረከረው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ያውም ሳይፈቀድለት ቢሆን፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። የካሳው መጠን ደግሞ በአንቀጽ 2091 ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ተደንግጓል። ጉዳቱ አምስት ልጆች ያሉት ገበሬ እግር መቆረጥ ከሆነ ካሳው ገበሬው በቀሪ ዕድሜው ያርስ የነበረውን ሁሉ የሚከተል ሒሳብ ነው፤ መድን ሰጪው ጣሪያው ድረስ ከፍሎ ሲመለስ የቀረው መንገድ የባለ መኪናው ነው። በጎን ለማለፍ ያህል፣ ይኸው ሕግ ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘንና ለመሪር ስሜት፣ የሚከፈለውን ካሳ በ1,000 ብር ወስኖት ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ስንት በሬ ይገዛ እንደነበር አዛውንቶች ያውቃሉ፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚገዛ ልጆችም ያውቃሉ።

ከሁሉ የሚገርመው ሕጉ ለእንስሳ ባለቤት ያሳየው ርኅራኄ ነው። በሬው ሰው የወጋበት ገበሬ ኃላፊነቱ እንዳለ ሆኖ፣ የራሱ ወይም እርሱ ኃላፊ የሚሆንለት ሰው ጥፋት ከሌለ፣ በሬውን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳው ነጻ መውጣት ይችላል። ለባለ መኪና እንዲህ ያለ በር አልተከፈተለትም። ከተጎጂው ደጅ ድረስ ነድቶ ቁልፉንና ሊብሬውን ቢያስረክብ፣ የመኪናው ዋጋ ከዕዳው ላይ ይቀነስለት እንደሆነ እንጂ ዕዳው አይዘጋም። በዚህ መሠረት በሬ ያለው ሰው ሊያጣ የሚችለው ቢበዛ በሬውን ሲሆን፣ ባጃጅ ያለው ሰው ግን ባጃጁንም በሬውንም ሊያጣ ይችላል።

ሁለት ተሽከርካሪዎች በተጋጩ ጊዜ የሚሠራው አንቀጽ 2084 ደግሞ በእኩልነት ለሚያምኑ ሁሉ የሚያስደስት ነው። አደጋው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት ብቻ ወይም በአብዛኛው በእርሱ ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ በቀር ሁለቱ ተሽከርካሪዎች እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ተቆጥሮ ጠቅላላው ጉዳት ለሁለት ይካፈላል። በዚህ ዐይን ሲታይ ሦስት ጎማ ያለው ባጃጅና ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» እያለ የሚጠራው ሲኖትራክ ወንድማማቾች ናቸው። ለምሳሌ ያህል የባጃጁ ጉዳት 60,000 ብር፣ የሲኖትራኩ ጉዳት ደግሞ ወደ ቦይ ገብቶ 300,000 ብር ቢሆን፣ ድምሩ 360,000፣ የእያንዳንዳቸውም ድርሻ 180,000 ብር ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ ባጃጁ የራሱን 60,000 ከቻለ በኋላ ለባለ ሲኖትራኩ 120,000 ብር ይጨምርለታል። በ2005ቱ ጣሪያ መድን ሰጪው ከዚህ ውስጥ 100,000ውን ሲሸፍን የቀረውን 20,000 ባለ ባጃጁ ከኪሱ ያወጣል፤ ለራሱ ለተጨፈለቀችው ባጃጅ ግን የሦስተኛ ወገን መድን አምስት ሳንቲም አይሰጥም፤ ባጃጇ የአንደኛው ወገን ንብረት ናትና።

እርግጥ ነው፣ በጋይንት መንገድ በብዛት የሚደርሰው አደጋ ከሲኖትራክ ጋር ሳይሆን ከበግ ጋር ነው። በግ በሕግ አነጋገር የሦስተኛ ወገን ንብረት ስትሆን፣ ጉዳቷም በመድኑ የሚሸፈን ነው። ነገር ግን በመኪና የተገጨች በግ ከገበያ በግ የተለየች ፍጥረት መሆኗን ማንኛውም አሽከርካሪ ያውቃል። የተገጨች በግ ሁሉ እርጉዝ ናት፤ ከእርጉዝም መንታ የያዘች ናት፤ በግልጽ የሚታይ ቀንዳም አውራ ካልሆነ በቀር ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ የለም፣ አውራውም ቢሆን ለመንጋው ብቸኛው ዘር ሆኖ ይገኛል። የተገጨች ዶሮ ደግሞ ለፋሲካ ትጥለው የነበረ እንቁላል ተቆጥሮ፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ጫጩት ተደምሮ ነው ዋጋዋ የሚነገረው። የበጎቹ ጌታ «አያ፣ እንዲያው እግዜር ያሳይህ፣ ነገ ትወልድ ነበር እኮ» እያለ ሲቀርብ፣ አሽከርካሪው የመድን ውሉን ከኪሱ አውጥቶ አያነብለትም። መድኑ እንዲከፍል ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ የአደጋውን ፕላን ማንሣት፣ ማለትም መንገዱንና የጎማውን ምልክት ለክቶ በወረቀት መሣል፣ ከዚያም ማስረጃው ተጽፎ ቅርንጫፍ ወዳለበት ከተማ መወሰድ አለበት፤ ይህ ሁሉ እስኪሆን አሥራ ሁለት ተሳፋሪ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል፣ ረዳቱም በመስኮት ብቅ እያለ «ጋሼ፣ ይክፈሉትና እንሂድ» ይላል። አሽከርካሪው የመንታዎቹን ዋጋ ጭምር ከፍሎ በጓን ለመውሰድ ሲጠይቅ ግን በጓ እንደማትሰጥ ይነገረዋል፤ ካሳ ሌላ፣ ሽያጭ ሌላ ነውና። በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ትንሹም ሆነ ትልቁ ሽፋን ሥራ ላይ ስለማይውል በመካከላቸው የሚያማርጥ ሰው በበግ ምክንያት ሊጨነቅ አይገባም።

ጭንቀት የሚገባው የሰው ሕይወት ያለፈ እንደሆነ ነው፤ በዚህ ጊዜ በሕጉም በፖሊሲውም፣ ማለትም በመድን ውሉ፣ ላይ ያልተጻፈ አራተኛ ወገን ወደ መድረኩ ይወጣል። አራተኛው ወገን ዘመድ ነው። አሽከርካሪው ወደ ፖሊስ ጣቢያ በተወሰደበት ምሽት አጎቶች ይሰበሰባሉ፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ መስቀል የያዙ ቄስ ከፊት ቀድመው ወደ ሟች ቤት ይኬዳል። መጀመሪያ ቀን ፊት ይነሣል፤ ሁለተኛ ቀን ከደጅ ይመለሳል፤ በሦስተኛው ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ቀን፣ ሐዘኑ ረገብ ሲል፣ «ምን ይዛችሁ መጣችሁ» ይባላል። ይህ ሁሉ ደም ማድረቂያ ይባላል፤ ቂም ከልጅ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚደረግ እርቅ ነው፤ እርቁም ቃል ብቻ ሳይሆን ለለቅሶው፣ ለተዝካሩና ለልጆቹ ማሳደጊያ የሚሰጥ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ የሚዋጣበት መንገድ ከየትኛውም መድን ድርጅት የገንዘብ አሰባሰብ ይፈጥናል፤ ባለ ድንች ድንቹን፣ ባለ ገብስ ገብሱን፣ መምህሩ የወር ደመወዙን፣ አንዲት አክስት ለልጇ ሠርግ ያሰባሰበችውን ያመጣሉ፤ ማንም የፖሊሲ ቁጥር አይጠይቅም። በጋይንትም ሆነ በእስቴ «ሦስተኛ ወገን ይበቃል» የሚለው ሰው ድፍረቱን ያገኘው ከአዋጁ ሳይሆን ከእነዚህ ሰዎች ነው። ትንሹ ሽፋን በቂ የሚመስለው ከበላዩ ጣሪያ የሌለው፣ አረቦኑ በሠርግና በለቅሶ በመገኘት የሚከፈል ሌላ ሽፋን ስላለ ነው። እነዚህ መድን ሰጪዎች ግን ውል ሲዋዋሉ አልተጠየቁም፤ ባጃጁ በተገዛ ዕለት «መልካም ንብረት ያድርግልህ» ብለው ጠላ ጠጥተው ተመልሰዋል፣ ያ ጠላ ፊርማ መሆኑን የነገራቸው የለም።

የሁለቱ ሽፋኖች ጠባይ እርስ በርሱ የሚጋጭበት ቦታ አለ፤ ይህም ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወድቅበት ነው። በመድን ፖሊሲዎች ላይ የተለመደው አንድ ቃል መድን ገቢው ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ጥፋተኛነቱን እንዳያምን፣ ካሳም እከፍላለሁ ብሎ ቃል እንዳይሰጥ ይከለክላል። የኩባንያው ሐሳብ የሚገባ ነው፤ ገና ሳይጣራ ዕዳ እንዳይቆረጥበት ይፈልጋል። ሽምግልናው ግን የሚጀምረው በዚያው በተከለከለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ድንጋይ ተሸክመው ከሟች ደጅ የቆሙት ሽማግሌዎች የሚያሰሙት የመጀመሪያ ቃል «አጥፍተናል፣ ማሩን» የሚል ነውና። «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ስለሆነ ለጊዜው ጥፋታችንን ሳናምን ሐዘናችሁን እንካፈላለን» ብሎ የሚጀምር ሽማግሌ ከአገሩ በሰላም ይመለሳል ተብሎ አይጠበቅም። ከዚህም ሌላ በሽምግልና የተሰጠ ገንዘብ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ በምስክር ተፈርሞ ካልተቀመጠ፣ በኋላ በፍርድ ቤት በሚቀርበው የካሳ ክስ ላይ እንደተከፈለ ለማስቆጠር ያስቸግራል፤ የወንጀሉም ጉዳይ ዕርቅ ወረደ ተብሎ በራሱ የሚዘጋ አይደለም። አስተዋይ ዘመዶች ስለዚህ ሁለት ነገር ያደርጋሉ፤ ለመድን ሰጪው አደጋውን ወዲያውኑ ያስታውቃሉ፣ ሽማግሌዎቹንም የእርቁን ቃል በወረቀት ያስጽፋሉ። ቄሱ መስቀሉን በቀኝ እጃቸው፣ አንድ ቅጂ ውል በግራ እጃቸው ይዘው ሲወጡ ማየት የተለመደ ባይሆንም የሚያሳፍር አይደለም።

ትንሹን ትቶ ትልቁን ለሚመርጥ ሰው የሚቀርብለት ኮምፕሪሄንሲቭ ወይም በተለምዶ ሙሉ ኢንሹራንስ የሚባለው ነው። እርሱም ከሦስተኛ ወገን በተጨማሪ የራሱን የባለ መኪናውን ተሽከርካሪ ከግጭት፣ ከመገልበጥ፣ ከቃጠሎና ከስርቆት የሚሸፍን ውል ነው። በጨጨሆ ቁልቁለት ፍሬን እምቢ ብሎት ብቻውን ለተገለበጠ አይሱዙ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ገደሉ ሦስተኛ ወገን ሆኖ ካሳ ስለማይጠይቅ ትንሹ ሽፋን በዚያ ቀን ምንም ሥራ የለውም። ሆኖም ሙሉ የሚለው ቃል እንደ ሙሉ ጨረቃ መታየት የለበትም። መጀመሪያ፣ ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚችለው ድርሻ ይቀነሳል። ሁለተኛ፣ መኪናው ከዋጋው ባነሰ ገንዘብ ተመዝግቦ ከሆነ ካሳውም በዚያው ልክ ይጎድላል፤ ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በአንድ ሚሊዮን ተመዝግቦ የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት የሚከፈለው 100,000 ነው፣ ቀሪውን ግማሽ ባለቤቱ ለራሱ መድን እንደሰጠ ይቆጠራል። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ በኢትዮጵያ ግን የሃያ ዓመት ኮሮላ እንደ መሬት ዋጋው ይወጣል፣ በተለይም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደና በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ አምና በሙሉ ዋጋ የተመዘገበ መኪና ዘንድሮ በጎደሎ የተመዘገበ ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛ፣ ጦርነትና ሕዝባዊ ሁከት ያደረሱት ጉዳት ተለይቶ ተጨማሪ ሽፋን ካልተገዛለት በቀር በሙሉው ውስጥ አይገባም፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ከተማ ድረስ ስለደረሰ ይህ በአካባቢው የወረቀት ላይ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ብዙ ሰው ምርጫውን በተገላቢጦሽ ያደርጋል የሚል ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ላሜራውንና ስፖኪዮውን ለማዳን ሲል ሙሉውን ገዝቶ የሦስተኛ ወገኑን መጠን በትንሹ ላይ ይተወዋል፤ ባንክ ብድር ሰጥቶት ከሆነም ሙሉውን የሚያስገድደው ባንኩ ሲሆን፣ ባንኩም የሚያስበው ለመያዣው ለብረቱ እንጂ ለመንገደኛው አይደለም። የብረት ጉዳት ግን ወሰን አለው፤ ቢበዛ የመኪናውን ዋጋ ያህል ነው የሚጠፋው። ወሰን የሌለው የሌላው ሰው ጉዳት ነው። ስለዚህ አሮጌ ባጃጅ ወይም የተገጣጠመ አሮጌ ላንድሮቨር ያለው ሰው ለራሱ ተሽከርካሪ ሽፋን ባይገዛ፣ ብልሽቱንም በራሱ ጋራዥ ቢችለው፣ ሞኝነት አይደለም፤ ለሦስተኛ ወገን የሚከፈለውን መጠን ከግዴታው በላይ ከፍ ለማድረግ ምን ያህል አረቦን እንደሚጨምር ሳይጠይቅ መውጣቱ ግን ሞኝነት ነው። ሰው የሚጭን ወይም በገበያ ቀን የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይብስበታል።

ትንሹ ሽፋን የድሆች አገር ችግር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ዘመዶቹ ያሉበትን አሜሪካ ማየት ይበቃዋል። ትንሿ ኢትዮጵያ የሚባል ሠፈር ያለበት ሎስ አንጀለስ በሚገኝበት በካሊፎርኒያ ለንብረት ጉዳት በግዴታ የሚጠየቀው ሽፋን ከ1960ዎቹ ጀምሮ እስከ 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 5,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው 15,000 የሆነው። በግማሽ ምዕት ዓመት ውስጥ መኪና ሌላ፣ ዶላር ሌላ ሆኖ ሳለ 5,000ው እንደ ቅርስ ተጠብቆ ቆየ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በቨርጂኒያ ደግሞ እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ አንድ ሰው ለመንግሥት 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ምንም መድን መንዳት ይፈቀድለት ነበር፤ ክፍያው ለማንም ምንም የሚሸፍን አልነበረም፣ ያለ ሽፋን የመሆን ዋጋ ብቻ ነበር። በአንጻሩ በብሪታንያ የሦስተኛ ወገን መድን በዚያው አቆጣጠር በ1930 በወጣ ሕግ ግዴታ ሲሆን ለሰው ሕይወትና አካል ጉዳት ጣሪያ የለውም። ነገሩ ከቨርጂኒያ ወደ ጋይንት የሚመለሰው ደግሞ በዘመድ በኩል ነው፤ መድን ድርጅቶች ራሳቸው የከበደውን አደጋ ለሌላ ትልቅ ድርጅት ሲያካፍሉ ጠለፋ መድን ይባላል፤ የጋይንት ቤተሰብም የደም ማድረቂያው ሲከብደው በቴሌግራም የሚደውለው ወደ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ታክሲ የሚነዳው የአክስት ልጅ ለሁለት ወረዳ ጠለፋ መድን ሰጪ ሆኖ ሲያገለግል፣ ለራሱ መኪና የገዛው ምናልባት ትንሹን ነው።

መድን ሰጪ ኩባንያ ሽፋን ከመስጠቱ በፊት ተሽከርካሪውን የማየት፣ ስለ አሽከርካሪውም የመጠየቅ መብት አለው፤ ዘመድ ግን ይህ መብት ስለሌለው አደጋውን የሚያውቀው ሲጠራ ነው። ይህን የተረዱ አጎቶች በአንዳንድ ቤት መብታቸውን ማስከበር መጀመራቸው መልካም ነው። ወጣቱ አዲሷን ባጃጅ ከደጅ አቁሞ፣ ካህኑ ጠበል ረጭተው፣ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት አንዱ ሽማግሌ «እስቲ ና ልጄ፣ ፍሬኗን ያየልህ ማን ነው? ወረቀቷስ ለስንት ብር ነው የሚቆመው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ወጣቱም «አባባ፣ ሦስተኛ ወገን አለኝ» ብሎ ሲመልስ፣ ሽማግሌው «እሱ ለሰውየው ነው፤ እኔ የምጠይቅህ ለእኛ ነው» ይሉታል። ወጣቱ በማግስቱ ወደ መድን ድርጅቱ መስኮት ተመልሶ የተጨማሪውን ዋጋ ቢጠይቅም ባይጠይቅም፣ ያን ዕለት ጠላው የቀረበው ከመልሱ በኋላ ነው።